ጎንበስ ቀና

የአባቴ ኤንትሬ ለብረት ሲሸጥ፣
ወንበሩ ብቻ ነው የቀረን ለመቀመጥ፤
ሚሌን ያቋረጠ፣ ጋላፊ ያደረ፣
ስፖንጁ በጎኑ ሾልኮ የቀረ፣
ናፍጣ ናፍጣ ሲል ዕድሜውን የቆጠረ።
ከጠረጴዛዬ ፊት በብሎን አሰርኩት፤
«አውሮፕላን ነህ» አልኩት።

መነጽሩን ፍራንኮ፣ ከአሮጌ ሻጭ ገዝቼው፣
የተሰበረ ጆሮውን በፕላስተር ጠግኜው፤
ለግራ ዓይን አንድ ሥዕል፣ ለቀኝ ዓይን ሌላ፣
ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ሲሆኑ ኋላ
ስክሪኑ ጉድጓድ ሆነ፤ ደመናው ደረት አወጣ፣
ቆቃ ከሥሬ ወርዶ ተኛ፣ ክንፌ በመስኮት ወጣ።

ባርኔጣዬ ግንባር ላይ ሦስት መብራት አለ፣
ከካሜራዋ በቀር ማንም ያላስተዋለ፤
አንገቴን ጣት ታህል ሳዞር፣ ሰማዩ ክንድ ያህል ዞረ፣
ጎንበስ ስል ዳሽቦርዱ ቀረበ፣ ቀና ስል ተሰወረ።

ካርታውን የሳለው ሰው አዳማን አያውቃትም፤
ኮረብታው ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ተርባይኖች አላያቸውም፣
በመጋቢት አቧራ ዓይኑን አሽቶ አያውቅም።
አንድ ግራጫ መስመር ብቻ፣ የጅቡቲ መንገድ፣
ባዶ ሜዳ ላይ እንደተጣለ ገመድ።

ማታ አባቴ ገባ። ቆሞ አየኝ በዝምታ፤
«እስቲ እኔም ልሞክር» አለ፣ ወንበሩን መታ መታ።
መነጽሩን አጠለቅኩለት። ወዲያው
እጄ ደነዘዘ።

አዋሽ አርባ ላይ የፈነዳ የቸርኬ ቀለበት
ግራ ዓይኑን ከወሰደ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
እኔ ደግሞ ሁለት ዓይን የሚጠይቅ ግብዣ
ለአንድ ዓይን አቀረብኩለት።

«ግድግዳ ነው» አለ። አውልቆ አስቀመጠው።
ባርኔጣውን ግን ከነመብራቱ
ከራሱ ላይ ረሳነው።

ከዚያ፣ ኋላ ማርሽ እንዳስገባ ሾፌር፣
አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ
የመስኮቱ ብረት ሮጠ፤
ተራራው ግን ባለበት ተቀመጠ።
ወደ ግራ፤ ወደ ቀኝ፤ ደግሞ ጎንበስ፣ ደግሞ ቀና፤
«ቅርቡ ይሮጣል፣ ሩቁ ይቆማል» አለና
ሳቀ፦ «ይኼማ የኔ ነው እኮ!
እኔስ በምን የማይ መስሎሽ ነው?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ብርጭቆ ከማንሳቱ በፊት አንገቱን የሚወዘውዘው፣
አስፋልት ሳይሻገር እንደ ዶሮ የሚነቀንቀው፣
ሾፌር ዋቅጅራ መባሉ ቀርቶ
የሰፈር ልጆች «አባ እሺ» ያሉት፣
እኔም ለሁሉ እሺ ባይ መስሎኝ ያፈርኩበት፣
ለካ ጥልቀትን ሲቀዳ ኖሯል፣
በአንገቱ ገመድ፣ ከዓለም ጉድጓድ፣
ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና እያለ።

አሁን መተሐራን አልፏል። መብራት እስኪሄድ አይነሳም።
አዋሽ አርባ ሲደርስ ዝቅ አለ፤
ካርታው ላይ ጎሚስታ የለም፣ ዛፍ የለም፣
የወደቀ ዓይንም የለም።
ሁለት ጊዜ ዞረው።
ወደ እኔ ሲመለከት ሰማዩ በሙሉ አብሮት ዞረ፤
«ይኼ ነገር» አለ፣
«ስፖኪዮ የለውም እንዴ?»