ሦስት ሰከንድ ቢጫ

ናዚብሮላ መጣች ማክሰኞ ማለዳ፣
የኩታይሲ ዝናብ ከካፖርቷ ሲቀዳ።
ሰላም ሳትለኝ ነው ቁልፉን የጣለችው
ከዘይት ጣሳው ጎን፤ «በርቷል» ነው ያለችው።

መኪናዋ አሮጌ ናት፣ ባሕር ያቋረጠች፣
ፖቲ ወደብ ደርሳ ከመርከብ የወጣች።
አንድ በሯ ሰማያዊ፣ ሌላው አካሏ ነጭ፤
ከሩስታቪ ገበያ ናት፣ ካንድ አፈ-ጮሌ ሻጭ።
አይብ ትጭንባታለች ከመንደር እስከ ከተማ፤
ሽታው ወንበሩ ውስጥ ገብቷል፣ እኔም ለምጄዋለሁማ።

ጥር ላይ ነው፣ በበረዶ፣ መጀመሪያ የመጣችው፤
ቢጫዋ የሞተር ምስል ዳሽቦርዱ ላይ ያፈጠጠችው።
መሣሪያዬን ሰካሁ፤ ኮዱን አነበብኩ፤
«ድብልቁ ቀጥኗል፣ አየር በዝቷል»፤ ሳቅኩ።
ይህን የሚል ሰንሰሩ ነው፣ ከማርሚታው በላይ፤
አርጅቶ ይቀባጥራል እንጂ ምን አየር ሊያይ!
ሳልጠይቅ፣ ሳልመረምር፣ ግራ ቀኙን ሳልሰማ
ምስክሩ ዋሸ ብዬ ፈረድኩበት በጨለማ።
ቁልፍ ሃያ ሁለት፣ ዝገት፣ ላብ፣ እርግማን፤
ነቅዬ ጣልኩት። የሚጠይቀኝስ ማን?
አዲስ ገጠምኩላት፤ ሰማንያ ላሪ ተቀበልኩ፤
መብራቱ ሲጠፋ «አየሽ!» ብዬ ተኮፈስኩ።

ዘጠኝ ቀን።
በዐሥረኛው፣ ድልድዩ ላይ፣ ተመልሶ በራ።

አኩርፋ ሌላ ጋራዥ፣ ሌላ መካኒክ ሄደች፤
እዚያም ሰንሰር ቀየሩላት፣ እዚያም ገንዘብ ከፈለች።
ሦስተኛው ቤት ያለው ልጅ፣ ፀጉሩን የተቀባ፣
«አምፖሉን ላውጣልሽ» አላት፣ «ዐይንሽ ውስጥ እንዳይገባ።»
«አምላክ ያሳይህ!» ብላ ነው በሩን የዘጋችበት፤
አይብ ሻጭ ናት፣ ታውቃለች፣ የሚሸት ነገር ሲሸፍኑት።

ዛሬ ሁለቱን ሰንሰሮች በፌስታል ይዛለች፤
«ሟቾቹ እነዚህ ናቸው» ብላ አስቀመጠች።
ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ጆሮዬን የጣልኩት፤
ጥ… ጥ… ጥ… እንደ ሰዓት። በደንብ አዳመጥኩት።
ሙቀት ሲይዘው ግን ብረቱ ያብጥና
ጸጥ ይላል ወዲያው፣ «የለሁበትም» ይልና።
ጥር ላይ ሬዲዮው ኳስ ያስተላልፍ ነበር፤
ጆሮዬ ሜዳ ነው፣ ከተጫዋቾቹ ጋር።

ሚስቴን፣ ማክቫላን፣ አቧራ መምጠጫዋን ለመንኩ፤
ቱቦውን ገልብጬ፣ ንፋሱን በማርሚታው አፍ ለቀቅኩ።
ሳሙና ውሃ ረጨሁ በቧንቧው አካሉ፤
ተንጋልዬ ጠበቅኩ እስኪሰማ ቃሉ።
ከሰንሰሩ በፊት፣ ከድሮ ብየዳ ጠባሳ፣
አረፋ ብቅ አለ፤ ፈነዳ፤ ሌላው ተነሣ።
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። አንድ እጅ፣ የት አገር ይሁን፣
ለስኖ ቀብቷታል፣ ደብቆ ቁስሉን።

በዚያች ነው የውጭ አየር ሰርጎ ሲገባ የኖረው፤
ሰንሰሩም ያሸተተውን ነው፣ ያንኑ የተናገረው።
ኮምፒዩተሩም አምኖ ነዳጁን ጨመረ፤
የአይቧ ትርፍ ሁሉ በማርሚታ በረረ።
ምስክሩ እውነተኛ።
ዳኛው እኔ።

በየድኩት። ሲበርድ ከፌስታሉ መርጬ
የመጀመሪያውን፣ የኔን ፍርደኛ፣ አውጥቼ
ወደ ቦታው መለስኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ሃያ ሁለት ቁልፉ ሁለቴ አመለጠ።
«ናዚብሮላ፣» አልኳት፣ «ጥር ላይ ተሳስቻለሁ፤
ደህናውን አውጥቼ ገንዘብሽን በልቻለሁ።»
ሰማንያውን ዘረጋሁ። ቆጠረች። ግማሹን መለሰች።
«ብየዳው በነፃ ነው?» ብላ ዐይኗን አጠበበች።

ኮዱን አጠፋሁት። ቁልፉን አንድ ጊዜ ስታዞር
ቢጫዋ ቦግ! አለች፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ጥር።
«በራ፣ ጎቻ!» ብላ ጮኸች። «ቆይ፣» አልኳት፣ «ቁጠሪ።»
አንድ። ሁለት። ሦስት። «በይ አሁን ሞክሪ።»
ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቱ ጠፋ።
«ታዲያ ጤነኛ ከሆነ መጀመሪያ ለምን ይበራል?»
«ምላሴ አልተቆረጠም ብሎ በየጠዋቱ ይምላል።»

ሄደች። በር ላይ አንድ ባለታክሲ ጥሩምባ ነፋ፣ ቸኮለ፤
እጄን ሰድጄ ሬዲዮውን ዘጋሁት፤ ዝናቡ ግን ቀጠለ።