ለጠጋኙ የተጻፈ

ራምላ። ሐምሌ ነው፤ ዝናብ የማያውቅ ሐምሌ፣
ቧንቧዬን ተሸክሜ፣ ላቤን በእጅጌ እየጠረግሁ እንዳመሌ፣
ሰሊጥ ከሚጨምቀው ከጫማ ሰፊው መካከል
ቆምሁ፤ ከደረቀው ሰቢል፣ ከመንገደኛው መጠጫ፣ ሸረሪት ካደራበት በኩል።

ሐጂ ሹክሪ መጣ፣ ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ፣
«ሲት ናዝሊ ናት ያቆመችው» አለኝ፣ ድንጋዩን በመዳፉ ነክቶ፤
«ልጅ አልነበራት። ሦስት ሱቅና አንድ የወይራ ማሳ
ለጥም አወረሰች፤ ጥም አይሞት፣ ድርሻውንም አይረሳ።
ወቅፍ ማለት መቆም ነው፤ አይሸጥ፣ አይለወጥ፣
ሱቁ እዚያው ይቆማል፤ ኪራዩ ነው የሚሮጥ።»

እኔ የማውቀው የቆመ ውሃ ሲሸት፤
የቆመ ሀብት እንደሚፈስ ሰማሁ ያን ዕለት።

ከሰሊጡ ሱቅ ጣራ ላይ፣ የእህቱ ልጅ ራዋን
ፀሐይ የሚጠጣ ሰሌዳ ዘርግታለች፤ ዋጋው ሰደቃ ነው፣ የማን
እንደሆነ አይጠየቅም። ከጉድጓዱ ውሃ የሚስብ
ትንሽ ሞተር አለው፤ በባትሪው ትርፍ ማታ የሰፈሩ ልጅ ሊያነብ።

ቆፈርሁ። የሸክላው ቧንቧ ተሰብሮ፣
የበለስ ሥር ገብቶበት፣ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ኖሮ፤
ቆርጬ፣ አጽድቼ ቀጠልሁት። ሁለቴ አሰርሁት፣ ሁለቴ አንጠባጠበ፤
በሦስተኛው ሰደብሁት፤ ያን ጊዜ ልቡን ሰበሰበ።

«ስንት ነው?» አለ። «ተወው» አልሁት፣ «ለነፍሴ ይሁን፣ ይቅር።»
ራሱን ነቅንቆ ከሣጥኑ የሰነዱን ግልባጭ አወጣ፤ ጣቱ ከመስመር መስመር
ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ቆመ። አነበበልኝ ቃል በቃል፦
«ቧንቧው በተሰበረ ጊዜ ለጠጋኙ፣ ከማንም ወገን ይሁን፣ ድርሻው ይሰጠዋል።
የፈሰሰውንም ወፎች ይጠጡ።»

እኔ ሳልወለድ፣ አያቴ ሳትወለድ፣ እኛ ጎንደር ሆነን ኢየሩሳሌም ስንል፣
አንዲት የማታውቀኝ ሴት የእጄን ዋጋ ቆርጣ አስቀምጣልኝ ኖሯል።

ተቀበልሁ። እምቢ ማለት ከሙት መሟገት መሰለኝ።
አንዲት ሰቅል ብቻ በሣጥኑ ስንጥቅ መለስሁ፣ «ይቺ የኔ ናት» አልሁኝ።

ጎንበስ ብዬ ልጠጣ ስል፣ ከገንዳው ከንፈር ዋኖስ አርፋ
አየችኝ። እኔም ቆምሁ፣
ጠጥታ እስክትነሣ፣ የክንፏን ጠብታ አራግፋ።