በጣት የሚነበብ

ሰኞ ነው፤ ድሬ ላይ ገና ፀሐይ ሳትከር፣
ባጃጁ ቀፊራን ሲዞር ሲሽከረከር፣
ሱቄን ሳልከፍተው፣ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ፣
ጤና ጣቢያ ሄድኩኝ፣ ቶፊቅ በሄደበት መንገድ።

ቶፊቅ ማለት፣ ያ ልጅ፣ ጎኔ ተቀምጦ
ሱሪ የሚተኩስ፣ ክር በጥርሱ ቆርጦ፣
ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ጠባብ ክፍል
ሲያስል የሰማሁት፣ «አቧራ ነው» ስል።
አቧራ አልነበረም። አክታው ተመረመረ፤
ስሙ መዝገብ ገባ፤ ኪኒን ጀመረ።
ከዚያ ጥያቄ መጣ፦ አብሮት የሚውል ማነው?
የመጀመሪያው ስም የኔው ነው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌ ይዤ ኖሬ
ጨርቅ ነው የወጋሁ፤ ተወጊው ዛሬ
እኔ ሆንኩ። ሲስተር ፈርዶሳ ክንዴን ገልብጣ፣
ፀሐይ የማያየውን ከክርኔ በታች መርጣ፣
ያቺን ቀጭን መርፌ አስተኝታ አስገባች፤
ሥጋ ጋ አልደረሰች፤
በጨርቁና በገበሩ መሃል ቀረች።
የምስር ፍሬ የሚያክል ነጭ እብጠት ተነሣ፤
ሱቅ ሳልደርስ ጠፋ፤ እኔም ልረሳ።

«እንዳታከው» ብላኝ ነበር፣ «ፋሻም አትጠቅልል፤
ረቡዕ ተመለስ፣ ያኔ ይነበባል።»
ይነበባል አለች! አራተኛን ሳልጨርስ
ፊደል ጥዬ የወጣሁ፣ ደብዳቤ ሆንኩ ስመለስ።

ማክሰኞ በላኝ።
ማክሰኞ ቀላ።
የሙሽራ ኮት ስለካ ክንዴን ደበቅሁ፤
በዚያ ሙቀት መሃል ረጅም እጅጌ ለቀቅሁ።
ማታ አስካለ አየችው። «ደም መስሏል» አለችኝ።
ትራሷን አልለየች፤ ግን ጀርባዋን ሰጠችኝ።
ተኝቼ ስቆጥር፣ የቶፊቅን ሳል፣
የልጄን ትንፋሽ፣ የኔን፤
ሌሊቱ እንደ ጣቃ ይተረተራል።

ረቡዕ።
ክንዴን ዘረጋሁላት እንደ ጥፋተኛ።
«ቀልቷል፣ እይው» አልኳት። እሷ ግን ዝምተኛ፣
ዓይኗ ወደ መስኮት፣ ጣቷ በቆዳዬ፣
ከዳር ወደ መሃል፣ ቀስ እያለች፣ በላዬ።
«ቅላቱን አንለካም» አለች፣ «ቀለም ያታልላል።
የጠጠረው ነው የሚናገር።»
ይህንንማ እኔ ነኝ የማውቀው!
ስንቴ ደማቅ ጨርቅ ዓይኔን አማልሎት፣
ጣቴ አይሆንም ብሎ ወደ ጣቃው መልሶት።

በእስክርቢቶ ሁለት ጭረት፤ በመሃላቸው ማስመሪያ።
አሥራ አራት ሚሊሜትር።
ከሸሚዝ አዝራር አይበልጥም፤
ጉሮሮዬን ግን ዘጋው።

«ታመሃል አላልኩም» አለች ፊቴን አይታ።
«ሰውነትህ ያንን ጀርም ከዚህ በፊት አግኝቶታል፤
ጠረኑን ሲያሸት አወቀው፣ ተቆጣ። ይኸው ነው።
አቶ ዘውገ፣ ደቻቱን በበጋ አይተኸው የለ?
ፍየል ይተኛበታል፣ ልጅ ኳስ ይጠልዝበታል፤
የድሬ ሰው ግን አሸዋ ነው ብሎ ቤት አይሠራበትም።
ደረቀ እንጂ ወንዝነቱን አልረሳም።
ያንተም ተኝቷል። ሳይነሣ እንቅደመው።»

ሳንባዬን ፎቶ አነሡኝ፤ ጥርት ያለ ሰማይ።
የሦስት ወር ኪኒን ይዤ ስወጣ
እኔ ደቻቱን አልነበረም የማስበው፤
በጠርዝ ውስጥ የተረሳ መርፌ እንጂ።
ባለቤቱ ለሠርግ ይለብሰዋል፣ ይጨፍርበታል፣
ታጥቦ ይተኮሳል፣ ዓመት ያልፋል፣ አይወጋውም፤
አንድ ቀን፣ ደክሞት ሲቀመጥ...
ስንቱን ልብስ እንዲህ አድርጌ ሸኝቼ ይሆን?

ሐሙስ አስካለና ልጄ ክንዳቸውን ሰጡ።
እኔ ሱቅ ገብቼ የቶፊቅን መኪና ገለጥኩ፣
ዘይት ጠብ አደረግሁላት፤ ሊመለስ ነው ብለውኛል።
ከዚያ መስኮቱን የጋረደውን የጣቃ ክምር
አንድ በአንድ አወረድኩት።
ነፋሱ አሸዋውን ይዞ ዘው አለ።
አሳለኝ።

አቧራ ነው። ይኸኛው አቧራ ነው።
ቢሆንም ቆጠርኩት፦
አንድ።