ቀለም ያልቆጠረ

በገመድ ተጎትታ ከግቢዬ ገባች፣
ጎማዋ የሞተ፣ ዝገት የለበሰች፤
አባይነህ ደላላው «ለወር ጫፍ» አለና
ቀብዱን ጥሎ ሄደ፣ ዋጋ እንኳ ሳያጠና።

ፍሪሲዮን ፈታሁ፣ ካምቢዮዋን አጠብኩ፣
ኖዝሏን ጠራርጌ ፓምፗን አስተነፈስኩ፤
ኢብሳ በስልኩ መብራት ቁልፍ እየቀያየረ
ከአንዲት የዛገች ብሎን ጋር ሲሳደብ አደረ።
የአዳማ ነፋስ ደግሞ፣ እሱ መች ይተኛል፣
ገና እርጥብ ቀለም ላይ አሸዋ ይበትናል።

ከመቀመጫዋ ሥር ጭዱን ስጠራርገው
ላሜራው ላይ ጭረት፣ ምስማር የቧጨረው፤
አራት ቁም፣ አንድ አግድም፣ እንደገና አራት ቁም፣
የኩንታል ይሆናል፣ የዕዳም፣ አላውቅም።
ቀለም ያልቆጠረ ሰው
እንዲህ ነው ክረምቱን፣ እንዲህ ነው በጋውን የቆጠረው።

አባይነህ ሲመጣ ዓይኑ ሰዓቷ ላይ፦
«ሰባት ሺህ ሰዓት! ይቺን አሮጊት ማን ሊያይ?
ሁለት ሺህ አድርጋት፤ ያንንም ጭረት ቀለም አልብሰው።»
አልዋሽም፣ ቁጥሩን መለስኩት። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ እኔም ሰው።
ጭረቱ ጋ ስደርስ ግን ብሩሹ ከበደኝ፤
ቀለም የቆጠርኩት እኔ፣ የእሱን ቆጠራ በቀለም ልድፈን?
አቃተኝ።

ከሁሩታ የመጡት አቶ ቱፋ ሰዓቷን አላዩም፤
ወንበሯን አነሡ። በጣት ቆጠሩ። አልተናገሩም።
ቀና ብለው አዩኝ፤ ሣቅ አሉ፤ አርባ ሺህ ቀነሱ፤
አባይነህ ከእኔ ድርሻ ቆረጣት። ይቁረጥ እሱ።

ቀይ ለብሳ በአሰላ መንገድ ስትርቅ ጆሮዬን ጣልኩ፤
አንዴም አላሳለችም።
ከዚያ እጄን ታጠብኩ።