መቶ ሃምሳ ዛፍ

ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፤ ኬረላ ተኝታ፣
መብራቱን ግንባሬ ላይ አስሬ በዝግታ፣
ቢላዬን ይዤ ስወጣ ውሻው ተከተለኝ፤
አንተ ግን፣ ኩርያን፣ ከአልጋህ ላይ አየኸኝ፤
ፊትህ ግማሹ ነቅቶ፣ ግማሹ ተኝቶ፣
ልትለኝ ያሰብከው ቃል ጉንጭህ ውስጥ ቀርቶ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ዳገት ወጣህ፤
ለየጎማው ዛፍ፣ እንደ ስም፣ መዝሙር አወጣህ፤
መቶ ሃምሳ ግንድ፣ መቶ ሃምሳ ጸሎት፣
ከየቁስሉ ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ወተት።
የመጀመሪያው ዛፍ ከጅረቱ ዳር ነው፤
ስለ ዛፍና ስለ ውሃ የሚናገረው
መዝሙር ስለሆነ፣ ከዚያ ትጀምራለህ፤
ረጅሙ ሲደርስ አለቱ ላይ ትቀመጣለህ፤
አጭሩን ከቀፎው ሥር፣ ንቧን ሳትቀሰቅስ፣
ባንድ ትንፋሽ ትለዋለህ፣ ቢላህ ቅርፊቱን እስኪልስ።

ጎረቤታችን ፓይሊ ይስቅብህ ነበር፤
«ኩርያን ለእንጨት ይቀድሳል» ይላል ከወዲያ አጥር።
እኔም፣ ይቅር በለኝ፣ ከሱ አልተሻልኩም፤
የልቤን በልቤ ይዤ ዝም አላልኩም፤
«ሰው ሦስት መቶ ያልባል፤ የአኒ ትምህርት ቤት
በመዝሙር አይከፈልም» አልኩህ አንድ ሌሊት።
ቢላህን ሞረድከው። ምንም አልመለስክ።

ባለፈው ክረምት ግን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ከዛፍ ሥር አገኘንህ፣ መብራትህ እንደበራ፤
ቀኝ ጎንህ ከዳህ፤ ምላስህ ታሰረ፤
መቶ ሃምሳው መዝሙር ሆድህ ውስጥ ቀረ።

እኔ በቃሌ አላውቅም፤ መጽሐፍህን ጠቅልዬ
በላስቲክ፣ ካንገቴ ላይ በገመድ አንጠልጥዬ
ከግንድ ወደ ግንድ። የእሳት ራት ገጹ ላይ ሲርመሰመስ
በክንዴ እያራገፍኩ አነባለሁ ቀስ በቀስ።
ጣቴ ግን ጎማ ነው፤ ወተቱ ሲደርቅ
ገጽ ከገጽ አጣበቀ፤ እምቢ አለኝ አልላቀቅ።
በእንፋሎት ሞከርኩት፣ በምላጭ ሞከርኩት፤
ሊቀደድ ሲል ፈራሁ፤ እንዳለ ተውኩት።
አንድ መዝሙር እዚያ ውስጥ ታሽጎ ቀረ፤
ብጠይቅህ ከንፈርህ ሊለው ሞከረ።
ታውቀዋለህ። አይወጣም።

ስልሳ አራተኛው ዛፍ ወተቱ ነጥፏል፤
ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ወደ ገደል አዘንብሏል፤
ሌላ ሰው ቢሆን ለማገዶ ይፈልጠዋል፤
አንተ ግን በየሌሊቱ ቆመህለታል።
በመጀመሪያው ቀን አልፌው ሄድኩኝ፤
በሁለተኛው ቀን ቆምኩ፣ ቃል ጠፋኝ፤
በሦስተኛው ሌሊት አፌ አመለጠኝ፦

«ጌታ ሆይ፣ የጎማ ዋጋ ዳግም ወረደ፤
የቁንዶ በርበሬው ሐረግ በሻጋታ ነደደ፤
አኒ ከኩዌት ሳትደውል ሦስት ሳምንት አለፈ፤
የኩርያን መዳፍ ያን ሁሉ ሙቀት አራገፈ፤
ተናድጃለሁ፤ በሱ ይሁን ባንተ አልለየሁም፤
የዚህን ዛፍ ቃል አላውቅም፣ ሌላም አላገኘሁም።
ይህንኑ ተቀበል።»

ቅርፊቱን ላጥኩት፤ ሁለት ጠብታ ወረደ፤
ቅሉ አልሞላ፤ ተአምር የለም፤ ውሻው አዛጋና ሄደ።

ነጋ። ከጥፍሬ ሥር የደረቀ ጎማ እየላጥኩ፣
የሩዝ ገንፎህን በማንኪያ እያቀመስኩ፣
በግራ ጣትህ መዳፌን መታህ፦ ስድስቴ፣ ከዚያ አራቴ።
«እዚያ ምን አልሽ?» ማለትህ ነው። «ከራሴ፣ ከቤቴ
አወጣሁ» አልኩህ። «ስላንተ አማረርኩ ለጌታ።»
ግማሽ ፊትህ ሳቀ፤ ሳቀ ለረጅም አፍታ፤
ገንፎው አንሶላህ ላይ ፈሰሰ።

ነገ ዝናብ ነው አሉ፤ በዝናብ ዛፍ አይታለብም፤
እኔ ግን እሄዳለሁ፤ ከሱ ጋር ገና አልጨረስኩም።