የዓሣ ሚዛን

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባ ሲራገፍ፣
ሚዛን ተዋስኩኝ ከይርሳው ደጃፍ፤
ቆሮሶ ሲያንጠለጥል የኖረ መንጠቆ፣
ቅርፊት የቀረበት፣ ከዝገት ተጣብቆ።
«ምን ልትመዝንበት?» አለኝ በመገረም፤
«የልጆች ቦርሳ» ስለው ሳቀ፤ አላመነኝም።

ሦስተኛ «ለ» ክፍል፣ ስልሳ ሁለት ልጅ፣
ከዋርካው ጥላ ስር፣ ቦርሳ ይዞ በእጅ።
የውባንተ፣ ሁለት ኪሎ። የፋሲካ፣ ሁለት ተኩል።
የማንያዘዋል፣ ሦስት፤ ብዩ ከደብተሩ እኩል።
ከዚያ ይታይሽ መጣች፤
መርፌው ዘጭ ብሎ ወርዶ፣ ሰባት ላይ ቆመ፤
«አምባዛ ነው! አምባዛ!» ክፍሉ አስገመገመ።

እሷ ግን አልሳቀች።
ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ጎድሎ፣
አንገቷ ቀድሟት ሄዶ፣ ጀርባዋ ኋላ ውሎ።
«የትናንቱን ሁሉ፣ የነገን፣ የዛሬን፣
ማን አሸከመሽ?» ስላት፣ አየች እግሬን።
«ጣራችን ያፈሳል፣ ጋሼ» አለች በቀስታ፣
«ቤት ትቼው ከመጣሁ፣ ይርሳል በአንድ አፍታ።
የታናሼም አለበት፤ ቦርሳ የለውም እሱ፤
ሁለታችን በአንድ ነን፣ እስኪገዛ የርሱ።»

ክፍል ስንገባ፣
በሰሌዳው የሳልኩት ትምህርት ነበረኝ፣
ሠላሳ ሦስት አጥንት፤ እሑድ ያስመሸኝ፤
«ሁለቱን ማንገቻ በሁለት ትከሻ፤
ከባዱ መጽሐፍ ለጀርባ፣ ቀላሉ መጨረሻ፤
ተረከዝ ወለል ይንካ...»
በምን በኩል ይንካ! ወንበሩ የትልቅ ሰው፤
ስልሳ ሁለት ጥንድ እግር፣ አየር ነው የሚዳስሰው።

ጠመኔውን ጣልኩና ስለ ታንኳ አወራሁ፤
ታንኳ ቋጣሪ ነበር አባቴ፣ አውቃለሁ፤
«ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይጎብጣል፤
ስለዚህ ማታ ማታ ከሐይቁ ይወጣል፤
ዛፍ ተደግፎ ቆሞ፣ ሲንጠፈጠፍ ያድራል።
ጀርባም ነው እንደዚያ፤ ማውረድ ያስፈልገዋል።»
ማውረድ። ግን የት ላይ?
ደወሉ ተደወለ።

ሚዛኑን ስመልስ፣ «ስንት ገባ ትልቁ?» አለኝ ይርሳው፤
«ሰባት» አልኩት፤ ነገርኩት፣ ጣራውንም ሳልረሳው።
ዝም አለ። መረቡን ጠቅልሎ ካበቃ፣
አንድ የዓሣ ሳጥን ሰጠኝ፣ ክዳኑ የነቃ፤
ከነሽታው።

አሁን የክፍሉ ጥግ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል፤
የይታይሽ ደብተር እዚያ ውስጥ ይተኛል።
አፍንጫ የያዙት፣ አሥራ አንዱ፣ ቀስ ብለው
የራሳቸውን አመጡ፣ በፌስታል ጠቅልለው።

ዓርብ በእረፍት ሰዓት፣ ደብተር ሳርም ጎብጬ፣
አፍንጫዬ ወረቀት ሊነካ፣ ተጣጥፌ ተቀምጬ፣
በመስኮቱ አለፈች፤
ሁለት ማንገቻ፣ ሁለት ትከሻ።
«ጋሼ» አለች፣ «ታንኳዎ!»

ቀና አልኩ። ወገቤ ቀጭ አለ።
ከዘንባባዎቹ መሃል
ሐይቁ ይታያል ለካ።