ከቁስቋም ቅጥር ጀርባ

አያ ደምለው መጣ ከጠዳ፣ ማለዳ፣
ዶማው ትከሻው ላይ፣ ባንገቱ አኩፋዳ።
«ማን ነው የሚያስለው?» አለኝ ደጃፍ ቆሞ።
«ወንድሜ ነው» አልኩት «ሰነበተ ታሞ።»

ከቁስቋም ቅጥር ጀርባ፣ ከፈረሰው ካብ ሥር፣
ጆሮውን ለጠፈ፣ ደረቱን ከምድር፤
እኔን ዝም አሰኘኝ፣ ነፋሱንም ጭምር።
«ጣዝማ እንደ ንብ አይደል፣ ቀፎ አትሰቅልላት፣
ጭስ አታጨስባት፣ በስሟ አትጠራት፤
ትንኝ ታክላለች፣ መውጊያ እንኳን የላት፣
በሯ የመርፌ ዓይን ነው፤ ካጣሃት አጣሃት።»

ቆፈርን። ከረፋድ እስከ ቀን እኩሌታ
ያገኘነው ቢኖር የጉንዳን ጎታ፤
ጓዳ በጓዳ ላይ፣ ጤፍ ተከማችቶ፣
የሙጃ ፍሬ፣ ዳጉሳ፣ ገለባው ተለይቶ።
ተናድጄ ረገጥኩ፦ «ይሄ ተራ ነገር!
የትም የሚርመሰመስ፣ ካገር እስካገር!»

አያ ደምለው ግን ዶማውን አኖረና፣
ከጎታው ቆንጠር አርጎ በመዳፉ አየና፣
«ተራ?» አለ። «ተራማ ነው፤ በተራው ይሄዳል፣
አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳዋል።
በሰባ ሰባት ግን፣ ጎታችን ሲራቆት፣
እናቴ ቆፍራ ነው ያገኘችው እራት።
ነፍታ፣ አበጥራ፣ ካፈሩ ለይታ፣
ሰባት ልጅ በቂጣ አደርን፣ በጉንዳን ውለታ።
የዚያን ለት ጣዝማ ቢገኝ ምን ያደርግልናል?
ማር ለሳል ነው ልጄ፤ እህል ግን ያሳድራል።»

ዝም ብሎ ቀጠለ። ዶማው ጓል ሲፈታ፣
ፀሐይ ወደ ደምቢያ ዝቅ ስትል ማታ፣
ብቅ አለ ጥቁር ሰም፣ እንክብል እንክብል፣
የስንት ወር ልፋቷ፣ አንድ ሲኒ የማያህል።
አልተናደፉንም፣ መናደፊያ የላቸው፤
ፊታችን ላይ ዞሩ፣ ጠፍቷቸው ቤታቸው።

ወንድሜ በማንኪያ ማታ ማታ ላሰ፤
ሳሉ እየሳሳ ሌሊቱ ታገሠ።

በሳምንቱ ወጣሁ፣ ጭብጥ ጤፍ ይዤ፣
ከዚያ ጉድጓድ አፋፍ ቆየሁ ተክዤ።
ጉንዳን ጓዳ ጠግኖ፣ ካቡን ተንጠላጥሎ፣
ያልፋል በተራ በተራ፣ አንዱ አንዱን ተከትሎ፤
የበተንኩለትን ሳያመሰግነኝ
ወሰደ፣ ወሰደ፣ እግሬን እየዞረኝ።

ከጣዝማዋ ደጅ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩኝ፣
እንደ አያ ደምለው እስትንፋሴን ያዝኩኝ።
ለጉንዳን ጤፍ ሰጠሁ። ለሷስ ምን ይሰጣል?
ድም ድም ይላል ከታች፤
የኔው ልብ ይሆናል።